ጉሉኮስ ከተሰጣት በኋላ የእናቴ እጅ አብጦ ጠቆረ፤ ይድን ይሆን?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ 62 ዓመቷ ነው። የስኳር ታማሚ ናት፣ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ክኒን ትወስዳለች። እሁድ ሌሊት ላብ አጠመቃትና ራሷን ሳተች። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወሰድናት። ስኳሯ ወርዷል ብለው በእጇ ጀርባ በኩል ጉሉኮስ በሲሪንጅ ሰጧት። ግማሹን እንደሰጧት መንቃት ጀመረች፣ ከዚያ ‹እጄን አቃጠለኝ› እያለች ጮኸች። ሲስተሯ ‹ትንሽ ይቻሉት እማማ፣ አለቀ› አለቻት። ቤት ስንደርስ እጇ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ተመልሰን ስንጠይቅ ‹ይጠፋል፣ ሙቅ ውሃ ያዙበት› ተባልን። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። መሃሉ ላይ የሃምሳ ሳንቲም የሚያክል ጥቁር ነገር ወጥቷል፣ ዙሪያው ውሃ ቋጥሯል፣ ጣቶቿን ማጠፍ አቅቷታል። የጣቶቿ ጫፍ ግን ይሞቃል፣ ቀለሙም ደህና ነው። ጎረቤት ወጌሻ ጋ ውሰጃት ይለኛል። እጇ ይቆረጥ ይሆን? ምን ልቀባት?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ዋናውን ልንገርሽ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው። ነገ አይደለም፣ ሰኞም አይደለም። ምንም አትቀቢ። ማንም እንዳያሻቸው። እጃቸውን ከልባቸው ከፍ አድርገሽ ያዢው፣ በመኪና ስትሄዱም ትከሻሽ ላይ ይደገፍ።

አሁን ደግሞ በጣም ስላስጨነቀሽ ነገር። የጣቶቻቸው ጫፍ ሞቃት ከሆነና ቀለሙ ደህና ከሆነ፣ ደም ወደ ጣቶቹ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከጻፍሽው ተነስቼ የምፈራው እጁ ይቆረጣል ብዬ አይደለም። የምፈራው ለቆዳውና ከቆዳው ሥር ላሉት ጅማቶች ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ለኢንፌክሽን፣ ምክንያቱም እናትሽ ስኳር አለባቸው። በዓይኔ ሳላይ «አይቆረጥም» ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግን የዛሬ ጉዟችሁ ለዚያ እጅ ትልቅ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ የሚያልፍ ቀንም ሥራውን ያከብደዋል።

ከቤት ሳትወጡ አንድ ነገር አድርጊ። በዚያ እጃቸው ላይ ቀለበት ካለ አሁኑኑ አውልቂው። ያበጠ ጣት ላይ ያለ ቀለበት እንደ ገመድ ያንቃል። ብዙ እናቶች የቃል ኪዳን ቀለበት ነው፣ ሠላሳ ዓመት ወልቆ አያውቅም፣ እንዴት ይወለቃል ይላሉ። ይገባኛል። በሳሙና ውሃ አለስልሺውና ቀስ አድርገሽ አዙሪው። እምቢ ካለ እንዳትታገዪ፣ ቆዳው ሊላጥ ይችላል። ሆስፒታል ሲደርሱ መቁረጫ አላቸው፣ መጀመሪያ የምትናገሪው ነገር ያ ይሁን። የተቆረጠ ቀለበት ወርቅ ቤት ይበየዳል። ጣት ግን እንደዚያ አይደለም።

አሁን ምን እንደተፈጠረ ላስረዳሽ፣ ካወቅሽው ሐኪሞቹ ሲናገሩም ይገባሻል።

መድኃኒት በደም ስር ሲሰጥ፣ የፕላስቲኳ ቱቦ፣ ካኑላ የምንላት፣ ደም ስሩ ውስጥ መቀመጥ አለባት። አንዳንዴ ጫፏ ደም ስሩን ወግታ ታልፋለች። አንዳንዴ ታማሚው ሲወራጭ ትነቀላለች። አንዳንዴ ደግሞ ደም ስሩ ራሱ ያረጀና የሳሳ ይሆንና በግፊት ይቀደዳል። ያኔ መድኃኒቱ ወደ ደም መሄዱን ትቶ ሥጋ ውስጥ ይፈስሳል። የፈሰሰው ተራ ሳላይን ከሆነ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ በአንድ በሁለት ቀን ይጠፋል። ክሊኒኩ «ይጠፋል» ያላችሁ ይህን አስቦ ይሆናል። ብዙ ጊዜ እውነትም ይጠፋል። የእናትሽ ግን ሳላይን አልነበረም።

ለወረደ ስኳር በመርፌ የሚገፋው አብዛኛውን ጊዜ 40 በመቶ ግሉኮስ ነው። ከተንጠልጣዩ 5 በመቶ ጉሉኮስ ጋር ስሙ አንድ ስለሆነ ሰው አንድ ይመስለዋል። 40 በመቶው ግን ወፍራም ሽሮፕ ነው። በውስጡ የሟሟው ነገር ክምችት ከደማችን ሰባት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ደም ስር ውስጥ ሲገባ ብዙ ደም ስለሚያገኘው ወዲያው ይቀጥናል። ሥጋ ውስጥ ሲፈስስ ግን የሚያቀጥነው የለም። ስለዚህ ዙሪያው ካሉት ሕዋሳት ውሃ ይመጥጣል። ሥጋ ላይ ጨው ነስንሰሽ ስታቆዪው ውሃውን እንዴት እንደሚያወጣው አይተሻል አይደል? እንደዚያ ነው። ሕዋሳቱ ይደርቃሉ፣ ይሞታሉ። የተመጠጠው ውሃ ደግሞ እብጠቱን ያባብሰዋል። እብጠቱ ትንንሾቹን የደም መንገዶች ይጫናል። ከስኳሩ የተረፈውን ቆዳ የደም እጦት ይጨርሰዋል።

ለምን የእጅ ጀርባ ላይ እንዲህ ከፋ ካልሽ፣ የራስሽን የእጅ ጀርባ ቆንጥጪው። ተነሳ አይደል? ቆዳው ስስ ነው፣ ከሥሩ ስብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጣትሽን ወደ ላይ ስታነሺ የሚንቀሳቀሱት ገመዶች ይታዩሻል። እነዚያ ጣት የሚዘረጉት ጅማቶች ናቸው። በቆዳውና በነሱ መሃል ያለው ቦታ በጣም ትንሽ ነው። በ62 ዓመት እናት እጅ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እዚያ የፈሰሰ መድኃኒት የሚገባበት ስለሌለው ቆዳውንም ጅማቱንም አንድ ላይ ያገኛቸዋል።

«ታዲያ ለምን በመጀመሪያው ቀን አልጠቆረም?» ትዪኝ ይሆናል። ብዙዎቹ የሚዘናጉት እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያ ቀን የሚታየው እብጠት ብቻ ነው። ቆዳው ቀላ ወይ ነጣ ይላል። አመድ የለበሰ ፍም እንደሚቆየው ጉዳቱ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። በሁለተኛ በሦስተኛው ቀን ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ የሞተው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ ሲነኩት አይሰማም። ስለዚህ ጥቁሩ ዛሬ የመጣ አዲስ በሽታ አይደለም። እሁድ ሌሊት የሞተው ቆዳ ነው፣ ዛሬ ታየ። ደግሞም ብዙ ጊዜ ከሥር ያለው ጉዳት ከላይ ከሚታየው ይሰፋል፣ የሃምሳ ሳንቲም ካየሽ ከሥሩ የዚያን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ ሰፋ ብሎ ቢያገኘው አትደንግጪ።

ወጌሻ ጋር አትሂዱ። ይህን በቁጣ አይደለም የምልሽ፣ ጎረቤቶችሽም ክፉ አስበው አይደለም። ወለምታ መስሏቸው ነው። ግን የሞተና የተወጠረ ቆዳ ሲታሽ ይቀደዳል፣ ውሃ የቋጠረው ይፈርጣል፣ ሊተርፍ ይችል የነበረው ዳር ዳሩ ይጎዳል። የታሸና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ደርሶልኝ ያውቃል። ፋሻው ሲፈታ የጨርቁ ሽመና ቆዳው ላይ ታትሞ ነበር። ያን ታማሚ የጎዳው ከመድኃኒቱ ይልቅ እስሩ ነው።

ሙቅ ውሃውንም ተዪው። ስኳር ያለበት ሰው እጅና እግሩ ስሜቱ ሊቀንስ ይችላል፣ ሳይታወቃቸው ይቃጠላሉ። በአራተኛው ቀን ሙቀትም በረዶም የሚጨምረው ነገር የለም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የቡና ዱቄት፣ ማር፣ አንዱንም አትቀቢ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጪ። ንጹሕ፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊበትና ሳታጠብቂ ያዢው፣ በቃ። በዚያ እጅ ደግሞ ግፊት እንዳይለኩ፣ ሌላ መርፌ እንዳይወጉ ንገሪያቸው።

የት ትሂጂ? ከቱሉ ዲምቱ የሚቀርባችሁ ትልቅ ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። ድንገተኛ ክፍል ግቡ። እዚያ አይተው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ያስፈልጋል ካሉ ሪፈር ይጽፉላችኋል። በከተማችን ይህን ዓይነት ቁስል የሚያውቁት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ጥቁር አንበሳ አለ፣ የቃጠሎ ክፍል ያለው የካቲት 12 አለ፣ አቤት ሆስፒታል አለ፣ ዘነበወርቅ ያለው አለርት አለ። አለርትን ሰው «የቆዳ ሆስፒታል» ብቻ ይመስለዋል። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምና ሲቋቋም ግን ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዱ በበሽታው የተጣመሙ እጆችን ማስተካከል ነበር። የእጅ ቀዶ ሕክምና በዚያ ግቢ የቆየ ሙያ ነው።

ተረኛው ሐኪም ጋ ስትደርሺ ታሪኩን አታስረዝሚ። «የስኳር ታማሚ ናቸው፣ እሁድ ሌሊት በእጃቸው ጀርባ 40 በመቶ ግሉኮስ ሲሰጣቸው ከደም ስር ወጥቶ ፈስሷል፣ አሁን ቆዳው ጠቁሯል፣ ጣት አይታጠፍም» በይ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር «እጃቸው አብጧል» ከማለት በጣም ይለያል። «አብጧል» ካልሽ ወረፋ ትጠብቂያለሽ።

ሐኪሙ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርጎ ያጥፋቸዋል፣ ይዘረጋቸዋል። ያማል፣ ግን አስፈላጊ ነው። የእጅ ትንንሽ ጡንቻዎች በጠንካራ ሽፋን በተከፋፈሉ 10 ክፍሎች ውስጥ ናቸው። እዚያ ውስጥ ግፊት ከጨመረ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ትልቁ ምልክት ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠን ኃይለኛ ሕመም ነው፣ በተለይ ሌላ ሰው ጣቱን ሲዘረጋው። እጁ የተወጠረ ኳስ ይመስላል፣ ጣት ይደነዝዛል። ይህ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ሽፋኑ በቀዶ ይከፈታል። በአራተኛ ቀን፣ በሞቃት ጣት፣ ይህ የመሆኑ ዕድል ያነሰ ነው፣ ሆኖም መታየት አለበት። ጥፍራቸውን ጫን ብለሽ ልቀቂው። ነጥቶ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ከተመለሰ ደም አለ። መንገድ ላይ ቀለሙ ከተቀየረ ወይም ጣቱ ከቀዘቀዘ ይህንኑ ሐኪሙን እንደገባችሁ አስቀድመሽ ንገሪው።

ከዚያ ስኳራቸውን ይለካሉ፣ ደም ይመረምራሉ፣ የቴታነስ ክትባት ይሰጡ ይሆናል። አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው ኢንፌክሽን ካለ ነው። ጥቁር ቆዳ ብቻውን ኢንፌክሽን አይደለም። ዙሪያው እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መግል፣ ሽታ፣ ትኩሳት ካለ ግን ነገሩ ተቀየረ ማለት ነው። ጥቁሩ ደረቅ ከሆነና ካልተመረዘ ሐኪሙ «ትንሽ እንጠብቀው» ሊል ይችላል። ችላ ማለት አይደለም። የሞተውና ያልሞተው ድንበሩ እስኪለይ መጠበቅ ነው፣ ቀድሞ የተቆረጠ ቆዳ አይመለስማ። ድንበሩ ሲለይ የሞተው ይነሳል። ትንሽ ከሆነ በቁስል እንክብካቤ ብቻ ይሞላል። ሰፋ ካለ ከጭን ስስ ቆዳ ተነስቶ ይለጠፋል። ጅማቱ ተገልጦ ከታየ ግን ስስ ቆዳ አይይዝበትም፣ የራሱ ደም ያለው ወፍራም ሥጋና ቆዳ ማምጣት ያስፈልጋል። አንዱ መንገድ እጁን ለጥቂት ሳምንት ብሽሽት አካባቢ ካለ ቆዳ ጋር አጣብቆ ማቆየት ነው። ሲሰሙት ያስደነግጣል፣ ግን ብዙ እጅ የዳነበት ዘዴ ነው። እናትሽ እዚህ ይደርሳሉ አላልኩም። አንድ ሐኪም ቢያነሳው አዲስ እንዳይሆንብሽ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚረሳው ነገር። ቁስል ሲድን እጅ ዳነ ማለት አይደለም። ያበጠ እጅ በራሱ ጊዜ መጥፎ ቅርጽ ይይዛል። የእጅ አንጓው ወደ ታች ይወድቃል፣ ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር በሚጋጠሙበት ቀጥ ይላሉ፣ ከመሃል ይታጠፋሉ። የወፍ ጥፍር ይመስላል። በዚህ ቅርጽ ጥቂት ሳምንት ከቆየ መገጣጠሚያው ዙሪያ ያሉት ማሰሪያዎች ያጥራሉ። ቆዳው ቢድንም እንጀራ ቆርሰው መጉረስ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጀሶ ወይም በፕላስቲክ መደገፊያ ትክክለኛ ቅርጽ ይሰጠዋል። አንጓው ትንሽ ቀና ይላል፣ ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር የሚጋጠሙበት ወደ 70 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ከዚያ በላይ ያሉት የጣት መገጣጠሚያዎች ቀጥ ይላሉ። ካላደረጉላችሁ ጠይቂ። «ፊዚዮቴራፒ መቼ እንጀምር?» ብለሽም ጠይቂ። ሐኪሙ ሲፈቅድ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። አንዴ ብዙ ከማሠራት ቶሎ ቶሎ ጥቂት ማሠራት ይሻላል። ሌሊት እጃቸው ሁለት ትራስ ላይ ይደር። በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለሽ ቀኑን ሙሉ እንዳታውዪው፣ ክርኑም ትከሻውም ይደርቃል።

አሁን ደግሞ ይህን የሚያነቡ ሌሎች አሉና፣ በተለይ በየሰፈሩ ክሊኒክ ሌሊት ተረኛ የሆናችሁ ሲስተሮችና ብራዘሮች፣ ጥቂት ከናንተ ጋር ላውራ።

ያቺ ሲስተር ግሉኮስ በመስጠቷ የእናትየዋን ሕይወት አትርፋለች። ስኳር ወርዶ የቆየ አንጎል ይጎዳል። መስጠቷ ልክ ነበር። የተሳሳተው «ይቻሉት» የሚለው ቃል ነው። እኛ ሀገር መርፌ ሲባል መቻል ያለበት ነገር ነው። ልጅ «ጎበዝ ነህ፣ ቻለው» ተብሎ ያድጋል። ታማሚ ሲጮህ ዝም ማሰኘት እንደ ማጽናናት ነው የሚቆጠረው። በደም ስር መድኃኒት ሲገባ ግን «አቃጠለኝ» ማለት ማስጠንቀቂያ ነው፣ የመጀመሪያውና አንዳንዴም ብቸኛው ማስጠንቀቂያ። እብጠቱ ገና አልታየም፣ ቀለሙ አልተቀየረም፣ ታማሚዋ ግን ተሰምቷታል። በዚያች ሰከንድ እጃችሁን ከሲሪንጁ ላይ ብታነሱ፣ የፈሰሰው ሦስት ሚሊ ሊትር ሆኖ ይቀር ይሆናል። «አለቀ፣ አለቀ» እየተባለ ከተገፋ ሃያ ይሆናል። እኔ የማየው እጅ በሦስቱና በሃያው መሃል ያለው ነው።

ስታቆሙ ደግሞ ካኑላዋን ወዲያው አትንቀሉ። ብዙዎቻችን በድንጋጤ የምናደርገው መንቀልን ነው። በዚያችው ካኑላ ባዶ ሲሪንጅ ገጥማችሁ የሚወጣውን ያህል ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ጥቂት ጠብታ ቢሆንም ይውጣ። በሳላይን አትግፉ፣ ያለውን ወደ ውስጥ ነው የምትረጩት። ከዚያ ንቀሉ፣ አትጫኑት፣ አትሹት። የእብጠቱን ዳር በእስክርቢቶ አክብቡትና ሰዓቱን ጻፉበት። ክቡን እያለፈ ከሄደ ማንም ያያል። እጁን ከፍ አድርጉ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፉና ለቤተሰቡ ስጡ። አደገኛ መድኃኒት ከሆነ ታማሚውን በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ላኩ። ሃያሉሮኒዳዝ የሚባል መርፌ በሚገኝበት ቦታ የፈሰሰውን በትኖ እንዲመጠጥ ያደርጋል፣ ግን ጥቅሙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ጎልት የሚባል እንግሊዛዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ቆዳውን በትንንሹ በስቶ መድኃኒቱን በብዙ ሳላይን የማጠብ ዘዴ አሳተመ። በ24 ሰዓት ውስጥ የደረሱለት አብዛኞቹ ቆዳቸው ሳይጠፋ ዳኑ። ለእናትሽ ያ መስኮት ሰኞ ተዘግቷል፣ እህቴ፣ ያሳዝነኛል። ዛሬ የምናደርገው ሌላ ሥራ ነው።

የሚፈሩት መድኃኒቶች ብዙ አይደሉም፣ በቃል መያዝ ይቻላል። 40 በመቶ ግሉኮስ አንድ። ካልሲየም፣ ፖታሲየም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፤ የሱ ፒኤች፣ የአሲድና የአልካላይን መለኪያው፣ 12 ገደማ ነው፣ ደማችን 7.4 ነው፣ እጁን ወይን ጠጅ ያስመስለዋል። ዲያዜፓም። አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን፤ እነዚህ ቆዳውን ነጭ አድርገው ደም ያሳጡታል፣ ስለዚህ በረዶ አይያዝባቸውም፣ ሙቀት ነው። የካንሰር መድኃኒቶች የራሳቸው ዓለም ናቸው፦ ቪንክሪስቲን ሲፈስስ ሙቀት፣ ዶክሶሩቢሲን ሲፈስስ ቅዝቃዜ። ዶክሶሩቢሲን ከሕዋሱ ጋር ተጣብቆ ለሳምንታት ማቁሰሉን ይቀጥላል።

ፕሮሜታዚንን ለብቻው ላንሳው፣ ለማስመለስና ለአለርጂ በየቦታው ስለሚሰጥ። አሜሪካ ውስጥ ዳያና ሌቪን የምትባል ሙዚቀኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ለራስ ምታትና ለማቅለሽለሽ ይህን መድኃኒት ክንዷ ላይ በደም ስር ተሰጣት። መድኃኒቱ ደም ቅዳ ጋ ደረሰ። ጋንግሪን ሆነ፣ ማለትም ሥጋው ሞተ፣ መጀመሪያ እጇ ቀጥሎ ክንዷ ተቆረጠ። ጊታር ተጫዋች ነበረች። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ድረስ ሄዶ በ2009 ተረታላት፣ በዚያው ዓመት የመድኃኒት ተቆጣጣሪያቸው በጥቁር ሳጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ አስጻፈበት። በጥልቅ ጡንቻ መስጠት እየተቻለ በእጅ ጀርባ የሚገፋ ሰው ይህን ታሪክ ይወቅ።

ሕፃናት ደግሞ «አቃጠለኝ» ማለት አይችሉም። ለነሱ ያለን ዓይናችን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ዓይናችንን እንሸፍነዋለን። ታውቁታላችሁ፣ ካኑላዋ እንዳትነቀል የጓንት ካርቶን ቆርጠን፣ እጁን እሱ ላይ አስተኝተን፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ በፕላስተርና በፋሻ እንጠቀልላለን። አንድ የስምንት ወር ልጅ እንዲህ ተጠቅልሎ ከዳር ከተማ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ አልቅሷል፣ እናቱም አብራ። «ጡት እምቢ አለ» ተብሎ ነበር። ፋሻውን በመቀስ ስንከፍተው ካርቶኑ ረጥቦ ለስልሷል፣ ትንሿ እጅ ደግሞ ከካርቶኑ ዳርና ዳር ወጥታ አብጣለች፣ የካርቶኑ ጠርዝ መዳፉ ላይ መስመር ሠርቷል። ጠብታው ሌሊቱን ሙሉ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ጠቅልሉ፣ ግን የካኑላዋ ጫፍ ያለበት ቆዳና ጣቶቹ ይታዩ። በየሰዓቱ እዩት፣ ሌላኛውን እጅ አጠገቡ አድርጋችሁ አወዳድሩት። ጠብታው መውረዱ ወይም ደም መመለሱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከተቻለም የእጅ ጀርባን ለእንዲህ ያለ መድኃኒት አትምረጡ። ከክርን በታች ባለው ክንድ ላይ ሰፊ ደም ስር ፈልጉ፣ ከመገጣጠሚያ ራቁ፣ መጀመሪያ በሳላይን ሞክሩ፣ ቀስ ብላችሁ ስጡ። ለወረደ ስኳር 10 በመቶ ካለ እሱን በዛ አድርጎ መስጠት ለደም ስሩ ይቀላል። መዋጥ የሚችል ታማሚ ደግሞ መርፌ አያስፈልገውም፣ ስኳር በውሃ ይበቃዋል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ክሊኒኩ ጋር ልትጣዪ ፈልገሽ ይሆናል፣ ትክክልም ነሽ። ግን መጀመሪያ ወረቀቱን አምጪ። ምን መድኃኒት፣ ስንት በመቶ፣ ስንት ሚሊ፣ በስንት ሰዓት። ለሐኪሙም ያስፈልገዋል፣ በኋላ ለጤና ተቋማት ተቆጣጣሪ ልታመለክቺ ብትፈልጊም ያስፈልግሻል። እጁን በየቀኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ከጎኑ ሳንቲም አድርገሽ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ቅሬታው ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም፣ እጁ ግን ዛሬ።

የመጨረሻው ነገር፣ ማንም ሳይጠይቅ እንዳያልፍ የምፈልገው፦ ስኳራቸው ለምን ወረደ? እናትሽ ይጾማሉ? ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ክኒኑን ውጦ እህል ካልቀመሰ ስኳሩ ይወርዳል። በመርፌ ከተነሳ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ደግሞ ሊወርድ ይችላል፣ በዕድሜ በገፉና ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ይብሳል። አሁን ደግሞ በሕመሙ ምክንያት ደህና እየበሉ ላይሆን ይችላል። ዛሬ ጠዋት ክኒኑን ወስደው እንደሆነና ምን እንደበሉ ለሐኪሙ ንገሪው። ጾሙን ማቆም ካልፈለጉ መድኃኒቱን የሚቀይርላቸው ወይም ሰዓቱን የሚያስተካክልላቸው ሐኪም አለ፣ የነፍስ አባታቸውንም ማማከር ይቻላል። እስከዚያ ድረስ ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከረሜላ ይኑር፣ ከራስጌያቸው ደግሞ ሁለት ሦስት ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይደር። ላብ ላብ ሲላቸውና እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ መዋጥ እየቻሉ፣ መጀመሪያ እሱን ይጠጡ።

ታክሲ ተራው ሳይጨናነቅ ውጡ። ሐኪሞቹ ያሉሽን ጻፊልኝ፣ አነባለሁ።